ሐርተሼክ በመቀመጫ፦ እግር ለሚከብዳቸው ጎብኚዎች መመሪያ

እናቴ የ30 ዓመት ነርስ ሳለች በሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ሠርታለች። ዛሬ ሁለቱም ጉልበቶቿ አልቀዋል፤ ያለ ከዘራ ከሳሎን ወደ ጓዳ መሻገር ይከብዳታል። «ሐርተሼክን አንዴ ሳላይ አልሞትም» ስትለኝ መጀመሪያ የታየኝ የመንገዱ ርዝመትና የፀሐዩ ግለት ነበር። እሷ ግን ነገሩን ገለበጠችው። «ስንት እርምጃ እንደሆነ አታስቢ፤ የት የት እንደምቀመጥ ቁጠሪልኝ» አለችኝ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ምክር መሠረት ነው። በዕድሜ፣ በሪህ፣ በስብራት፣ በስትሮክ ወይም በሌላ ምክንያት ብዙ መራመድ ለማይችል ሰው፣ ለሚያጅበው ልጅና ለሚያደርሰው ሹፌር ይጠቅማል። በተለይ በመጠለያው ተወልደው ወይም አድገው ወላጆቻቸውን ይዘው ከውጭ አገር የሚመለሱ ቤተሰቦችን አስቤ ጽፌዋለሁ።

ወዴት ነው የምትሄዱት?

ሐርተሼክ ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከሶማሌላንድ ድንበር ጥግ ያለች የፋፈን ዞን ከተማ ናት። በ1980 ዓ.ም. የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ በጦርነትና በአየር ድብደባ ስትፈርስ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ እዚህ ሜዳ ላይ ሰፈረ። መጠለያው በዘመኑ ከዓለም ትልቁ ነበር፤ በሞላበት ጊዜ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ኖሮበታል። ሰዉ እየተመለሰ ሄዶ ሄዶ መጠለያው በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ፤ የቀሩት ጥቂቶች ወደ ቀብሪበያህ ተዛወሩ። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሐርተሼክን የሚያውቃት በገበያዋ ነው፤ ከበርበራ ወደብ በኩል የሚገባ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ ስሟን እስከ መርካቶ አድርሶታል።

ትኬት የሚቆረጥበት፣ በአጥር የተከለለ ፓርክ አትጠብቁ። የሚታየው ገበያው፣ ሜዳው፣ ሰዉና የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ብርካ ነው። ደስ የሚለው፣ ከእነዚህ አብዛኛውን ከመኪና ወይም ከወንበር ማየት ይቻላል።

ወደ ጅግጅጋ

በአየር የምትመጡ ከሆነ ቲኬት ስትቆርጡ የዊልቸር አገልግሎት ጠይቁ፤ ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት መመዝገቡን አረጋግጡ። የጥያቄው ዓይነት ሦስት ነው፦ ደረጃ መውጣት ለሚችል ግን ረጅም መንገድ ለማይራመድ፣ ደረጃም ለማይችል፣ እስከ መቀመጫው ድረስ ሰው ለሚያስፈልገው። «ትንሽ ትንሽ እራመዳለሁ» ብላችሁ አታሳንሱት፤ ለአገር ውስጥ በረራ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የራሱ መወጣጫ ደረጃ አለው፤ ደረጃ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሁለተኛውን ዓይነት አስመዝግቡ። ጅግጅጋ ጋራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ሻንጣ የሚያወጣ ሰው ሌላ ይሁን፤ አጃቢያችሁ እጁ ነፃ ይሁን።

ከሐረር በመኪና መምጣትም የራሱ ጥቅም አለው። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከባቢሌ አልፎ የዳኬታ ሸለቆን ሲያቋርጥ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተቆለሉት ድንጋዮች ግራና ቀኝ በመስኮት ይታያሉ። ቀጥሎ ካራማራ ይመጣል፤ በ1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦር የተፋለሙበትን ኮረብታ ሳትወርዱ ታልፉታላችሁ። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከሐረር ጁገል ጠባብ መተላለፊያዎች ይልቅ ይህ መንገድ ብዙ ያሳየዋል።

ማረፊያ ስትይዙ

«ምድር ቤት ክፍል አላችሁ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። እኔ እንዲህ ብዬ ተሳስቻለሁ፤ አንድ ሆቴል «አዎ፣ ምድር ቤት ነው» አለኝ፤ ስንደርስ ከመግቢያው በፊት መደገፊያ የሌለው ሰባት ደረጃ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦

- ከመኪና ማቆሚያው እስከ አልጋው ድረስ ስንት ደረጃ አለ? መደገፊያ ብረት አለው?
- ሊፍት ካለ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል?
- ሽንት ቤቱ የመቀመጫ ነው? የመታጠቢያው ወለል ያንሸራትታል?
- የመግቢያውንና የሽንት ቤቱን ፎቶ በቴሌግራም ትልኩልኛላችሁ?

ፎቶ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል፤ አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስትጠይቁ መብታችሁን ነው የምትጠይቁት፤ ከእናንተ ቀጥሎ ለሚመጣውም መንገድ ትጠርጋላችሁ።

መኪናና ሹፌር

ጅግጅጋ ውስጥ ለአጭር መንገድ ባጃጅ ይሻላል፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ እስከ በር ያደርሳል። ኮንትራት ያዙት። የሶማሊው ባለቅኔና የጦር መሪ የሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰንን የፈረስ ላይ ሐውልት በባጃጅ ዞራችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ለሐርተሼክ ግን ሙሉ ቀን ኮንትራት መኪና ያዙ። ስትዋዋሉ ሦስት ነገር በግልጽ ተነጋገሩ፦ ሌላ ተሳፋሪ አይጫንም፣ ሹፌሩ አጠገባችሁ ይቆያል፣ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ ዋጋው ውስጥ ተካቷል። የፊት ወንበሩ የታማሚው ነው።

ላንድክሩዘር ለመንገዱ ጥሩ ነው፣ ለጉልበት ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ ጠንካራ በርጩማ ያዙ። አወጣጡ እንዲህ ነው፦ በርጩማው ከበሩ ሥር ይቀመጣል፤ ሰውየው ጀርባውን ለወንበሩ ሰጥቶ ደህናውን እግር መጀመሪያ በርጩማው ላይ ያወጣል፤ መቀመጫው ላይ ቁጭ ካለ በኋላ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ወደ ውስጥ ያዞራል። ሲወርድ ደግሞ የታመመው እግር ይቀድማል። ደረጃም ላይ ሕጉ ይኸው ነው፤ ሲወጣ ደህናው፣ ሲወረድ የታመመው። አጃቢው ብብት ሥር ይዞ ወደ ላይ አይጎትት፤ ክንዱን አጥፎ እንደ ብረት ያጠንክርና ሰውየው ራሱ ይደገፈው።

ከዘራና ዊልቸር

ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው። ጠጠርና ደረቅ አፈር የከዘራውን የጎማ ጫፍ ቶሎ ይበላዋል፤ ከመነሳታችሁ በፊት አዲስ አስገቡለት፣ አንድ መለዋወጫም ያዙ። ክራንች ለምትጠቀሙም እንዲሁ ነው።

ዊልቸር አሸዋ ውስጥ ሲገባ የፊቱ ትንንሽ ጎማዎች ይሰምጣሉ። ወደ ፊት መግፋት ትታችሁ አዙሩትና ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀድማችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ጎማው በአየር የሚሞላ ከሆነ ፓምፕና መጣፊያ አትርሱ፤ እሾህ የትም አለ።

መቼ?

ከጥር እስከ መጋቢት ጂላል ነው፤ ደረቅ ነው፣ መሬቱ ይጠነክራል፣ አቧራው ግን ይበዛል። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጎማም ከዘራም ይይዛል፤ በዝናብ ወቅት ጉዞውን ደረቅ ቀን ጠብቁለት። በረመዳን ቀን ቀን ሻይ ቤት አይከፈትም፤ ማረፊያ ታጣላችሁ። ዓርብም ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ለሶላት ይዘጋልና ሌላ ቀን ምረጡ። መንገዱንና ጸጥታውን ጅግጅጋ ላይ በዋዜማው ጠይቁ፤ ድንበር ቅርብ ስለሆነ መታወቂያ አይለያችሁ። ኬላ ላይ «ውረዱ» ብትባሉ ተረጋግታችሁ ሕመማችሁን ንገሩ፤ መድኃኒታችሁም ከነማዘዣው ይሁን።

የእኛ ቀን፦ ስድስት መቀመጫ

*ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል።* አንደኛው መቀመጫ መኪናው ነው። ፀሐይ ሳይከርር ተነሡ።

*2 ሰዓት ገደማ፣ ቀብሪበያህ።* ሁለተኛው መቀመጫ። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስትጓዙ ጉልበት ይደርቃል፤ ወርዳችሁ በወተት የፈላ ሻይ ጠጡ። ተቀምጣችሁ እግራችሁን አሥር ጊዜ ዘርጉና እጠፉ።

*3 ሰዓት፣ ሐርተሼክ ገበያ።* ሦስተኛው መቀመጫ እንደገና መኪናው ነው። ግመልና ራሰ ጥቁር በግ የሚሸጥበትን ጥግ መጀመሪያ ከመስኮት እዩ። መውረድ ካማራችሁ ግመል ከሚነዳበትና የውኃ ጋሪ ከሚያልፍበት መስመር ወጥታችሁ ግድግዳ ተደገፉ። ሰውም ግመልም ከመቅረጻችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

*4 ሰዓት፣ ሻይ ቤት።* አራተኛውና ዋናው መቀመጫ። የፕላስቲክ ወንበር ዝቅ ያለና የሚለመጥ ስለሆነ ጉልበት የታመመ ሰው ከላዩ መነሣት ይቸግረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት ወንበር ደርባችሁ ተቀመጡ። ከፍም ይላል፣ ይጠነክራልም። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉት፤ መደገፊያ ክንድ ያለውን ምረጡ። እዚህ ሳትጣደፉ ቆዩ። ነጋዴ ዕቃውን ይዞ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ሽማግሌም ሰላም ብሎ አጠገባችሁ ይቀመጣል።

*5 ሰዓት፣ የመጠለያው ሜዳ።* አምስተኛው መቀመጫ። በመኪና ዙሩ፤ ማስታወስ ለሚፈልግ ሰው በሩን ክፈቱለትና እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ይቀመጥ። የብርካ ጠርዝ ላይ ግን ማንም አይቁም፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው።

*6 ሰዓት፣ ምሳና ዕረፍት።* ስድስተኛው መቀመጫ። ሩዝ በግመል ሥጋ፣ ከተቻለ ምንጣፍና ትራስ ያለው ቤት። መሬት መቀመጥ የማትችሉ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ወንበር ይመጣላችኋል። *8 ሰዓት* ላይ ተነሥታችሁ ሳይመሽ ጅግጅጋ ግቡ።

ስለ ሽንት ቤት በግልጽ

ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ትልቁ ችግር ይህ ነው። በመንገድ የምታገኙት ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ጉልበት ለማይታጠፍለት ሰው አይሆንም። ስለዚህ አንድ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን አስበስታችሁ፣ ጠርዙን አስለስልሳችሁ መኪና ውስጥ ያዙ። ከማስታጠቢያ፣ ሳሙናና ለመከለያ ከሚሆን ነጠላ ጋር። ሴቶች ካላችሁ ሻይ ቤት ያለችውን እናት ጠይቁ፤ ጓሮዋን አትነፍጋችሁም።

ሽንት ፈርቶ ውኃ አለመጠጣት አደገኛ ነው። በዚህ ፀሐይ ውኃ ያነሰው ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ። ውኃ ደግሞ ከጅግጅጋ ያዙ። ሐርተሼክ ወንዝ የላትም፤ ለዚያ ሁሉ ስደተኛ እንኳ የሚጠጣው በቦቴ ነበር የሚቀርበው።

አምስት የሶማሊኛ ቃላት

*ኩርሲ* ወንበር ነው፤ «ፈድለን ኩርሲ ኢ ሲ» ማለት «እባክህ ወንበር ስጠኝ»። *ታርቲብ* ማለት ቀስ በል፤ ለሹፌሩም ለሚደግፋችሁም ይሆናል። *ጂሊብ* ጉልበት፣ *ቢዮ* ውኃ፣ *መሐድሰኒድ* አመሰግናለሁ። ትልቅ ሰው ወንድ ከሆነ «አዴር»፣ ሴት ከሆነች «ኤዶ» ብላችሁ ጥሩ። ልጆች እናቴን «አዬዮ» ይሏት ነበር፤ አያቴ ማለታቸው ነው።

አቅም ከከዳ

ጉልበት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ወይም እግር በድንገት ከደነዘዘ ጉብኝቱ እዚያው ያበቃል፤ ወደ ጅግጅጋ ተመለሱ። ካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል እዚያ ናቸው። የሕመም ማስታገሻ በባዶ ሆድ አትውሰዱ፤ ከሌላ መድኃኒታችሁ ጋር መስማማቱንም ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። «ይህን ያህል መጥተን» ብሎ መግፋት ነው ብዙ ሰው የሚጥለው።

የተቆጠቡት እርምጃዎች

አራተኛው መቀመጫ ላይ፣ በተደረቡት ሁለት ወንበሮች ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ እናቴ ሻይ የምታፈላዋን ሴት ቦቴው የት ይቆም እንደነበር ጠየቀቻት። ሴትዮዋ በእናቴ ዕድሜ ናት። ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ሜዳው አመለከተች፤ እሷም በወጣትነቷ፣ ልጅ አዝላ ጄሪካን ይዛ እዚያ ተሰልፋለች።

እናቴ ከዘራዋን አነሣች። ክንዴን አጠፍሁላት። ሴትዮዋ በሌላው በኩል «ታርቲብ፣ ታርቲብ» እያለች አብራን ሄደች። አርባ እርምጃ ቆጠርሁ። ከጠዋት ጀምሮ እናቴ በእግሯ የሄደችው ጥቂት ስለነበር እነዚህ አርባዎቹ ተቆጥበውላት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ባዶው መሬት ላይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ምንም አልተነጋገሩም።

ሹፌሩ ከኋላችን በርጩማውን ይዞ ደረሰና ለእናቴ አስቀመጠላት። ያልቆጠርነው ሰባተኛው መቀመጫ ነበር።