ቅጽልና ካርታ

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. በሆሳዕና የካንሰር ሕመምተኛ ጥቂት ነው።
ለ. በሆሳዕና የተመዘገበ የካንሰር ሕመምተኛ ጥቂት ነው።

የሚለያያቸው «የተመዘገበ» የሚለው አንድ ቃል ነው። ቃሉ ከግሥ የወጣ ቢሆንም ስምን ስለሚገልጽ የቅጽልን ሥራ ይሠራል። ጌጥ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ቢወጣ ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ነገሩን በካርታ እንመልከተው። በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ላይ የሚገኘውን ካንሰር የሚመዘግብ ክፍል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። አንድ ካርታ ሠሪ ይህን መዝገብ ብቻ ይዞ ሕመምተኞችን በነጥብ ቢያመለክት፣ ዋና ከተማዋ በነጥብ ትጠቁራለች፤ ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ አንጋጫና ዱራሜ ግን ነጭ ሆነው ይታያሉ። ይህን ነጭነት የጤንነት ምልክት አድርጎ የሚወስድ አንባቢ ይሳሳታል፤ ያልተቆጠረ ሕመምተኛም ሕመምተኛ ነውና።

ከታመሙት መካከል ስንቶቹ እንደ ዳኑ የሚያሳይ ካርታ መሥራት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በአንድ ዓይነት የማኅፀን በር ካንሰር የተያዙ ሁለት እናቶች አሉ እንበል፤ አንዲቱ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛይቱ በዱራሜ ይኖራሉ። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማና ሐረር የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ለሳምንታት መመላለስን ይጠይቃል። ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዱራሜ ለሚነሣ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ስለዚህ የዱራሜዋ እናት ከአውቶቡስ ዋጋ በላይ የማደሪያና የምግብ ገንዘብ፣ የሚያስታምማት ዘመድ፣ በጓሮዋም ያለውን እንሰት የምትፍቅላት ጎረቤት ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ እስኪሟላ ዕጢው አይጠብቅም። ሕክምናዋን አቋርጣ በቤቷ ብታርፍም፣ መዝገቡ «የቀረች» ይላት ይሆናል እንጂ «የሞተች» አይላትም።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ከግሥ ወጥተው እንደ ቅጽል የሚያገለግሉ አምስት ቃላት አውጡ፤ የሚገልጹትንም ስም ከጎናቸው ጻፉ።
2. «በአዲስ አበባ ከዱራሜ ይልቅ ብዙ ሰው በካንሰር ይሞታል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መርምሩ። ከመዝገቡ በላይ እንዳይናገር የትኛውን ቅጽል፣ በየትኛው ቦታ ትጨምሩበታላችሁ?
3. በምትኖሩበት ቀበሌ አንድ ሕመምተኛ እስከ ሆስፒታል የሚያልፍበትን መንገድ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።