የጋራ ጉድጓድ ለጋራ ጤና

በአሶሳ ዙሪያ በበጋ ምንጮች ሲነጥፉ እናቶችና ልጃገረዶች 20 ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን ተሸክመው ሩቅ ይጓዛሉ። ውሃ ሲያንስ እጅ መታጠብ ይቀራል፤ ተቅማጥም ይበረታል።

ዑስማን (ረ.ዐ) በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሰጡ። እኛ ደግሞ ያለንን እንጠብቅ። ሴቶች ያሉበት የውሃ ኮሚቴ ምረጡ። አንዲት ጎማ አልቃ ፓምፑ ለወራት እንዳይቆም በየወሩ ጥቂት ብር አዋጡ። ጉድጓዱን ከከብት አጥሩ፤ መጸዳጃ ቤትም ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

የወንዝ ውሃ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉና አፍሉት። አሶሳ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ስለሆነች ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት።

ውሃ ማጠጣት ሶደቃ ነው፤ ፓምፑን መንከባከብም የዚያው አካል ነው።