«ፖዘቲቭ» የሚል ውጤት ሁሉ ካንሰር ተሰራጭቷል ማለት ነው? ስለ ሜላኖማና የንፍፊት ምርመራ



«ዶክተር፣ ከብሽሽቴ የተወሰደው ናሙና ውጤት ላይ ኤስ 100 ፖዘቲቭ ይላል። አለቀልኝ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የምለው አንድ ነው፦ ተረጋጉ፣ ወረቀቱን ሙሉውን እንየው።

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ህዋሳት የሚነሳ ካንሰር ነው። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው።

የእግር ሜላኖማ ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ብሽሽት ላይ ወዳለ ንፍፊት ነው። ስለዚህ ንፍፊቱ ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጥቂት የካንሰር ህዋሳት በተለመደው ማቅለሚያ ሊደበቁ ስለሚችሉ፣ ልዩ ማቅለሚያዎች ይጨመራሉ።

👉 ኤስ 100፦ ሜላኖማ እምብዛም አያመልጠውም። ችግሩ፣ ንፍፊት ውስጥ ያሉ ጤነኛ ህዋሳትንም ያቀልማል።

👉 ኤችኤምቢ 45፦ ከኤስ 100 የተሻለ ይለያል። ግን አንዳንድ ሜላኖማዎች ያመልጡታል።

👉 ሜላን ኤ፦ ጠቃሚ ነው። ሆኖም አንዳንዴ በንፍፊቱ ሽፋን ላይ የሚገኙ፣ ጉዳት የሌላቸው የማርያም ስማኝ ዓይነት ህዋሳትንም ያቀልማል።

አያችሁ? አንዱም ብቻውን ፈራጅ አይደለም። ፓቶሎጂስቱ የህዋሱን ቅርጽ፣ ያለበትን ቦታና የማቅለሚያዎቹን ውጤት አንድ ላይ አይቶ ነው የሚወስነው።

«ኔጋቲቭ» ቢልስ? ደስ የሚል ዜና ነው! ግን የሚታየው ከንፍፊቱ በስሱ የተቆረጠው ክፍል እንጂ እያንዳንዱ ህዋስ አይደለም። ስለዚህ «ነጻ ነኝ» ብሎ ክትትል ማቋረጥ አደጋ አለው።

ምን ላድርግ?

1. አንድ መስመር አንብባችሁ አትደንግጡ። ዋናው የመጨረሻው ድምዳሜ ነው፤ ከሐኪማችሁ ጋር እዩት።

2. ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ፣ ያው ናሙና በሌላ ፓቶሎጂስት እንዲታይ ጠይቁ። ይህ መብታችሁ ነው፤ ሐኪም አይቀየምም።

3. ቀጠሮ አትዝለሉ። ብሽሽት ወይም ብብት ላይ አዲስ እብጠት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

4. ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁንና ጥፍራችሁን እዩ። እየሰፋ ወይም እየተለወጠ የመጣ ጥቁር ነጥብ፣ የማይድን ቁስል ካለ ወደ ቆዳ ሐኪም።

ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉት። ጤና ይብዛላችሁ!