ወንዝ መርዝን የሚያጠራው በራሱ ጊዜ ነው

በአምቦና በአካባቢዋ አጥቢያዎች ስለ ውኃ አጠባበቅ ስናስተምር፣ «ወራጅ ውኃ ራሱን ያጠራል» የሚል አሳብ ከምእመናን ዘወትር ይነሣል። አሳቡ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም።

እግዚአብሔር በፍጥረቱ ባኖረው ሥርዓት፣ ወደ ወንዝ የገባ ፀረ ተባይ በሦስት መንገድ ይፈራርሳል። ውኃው ራሱ የኬሚካሉን ትስስር ይበጥሳል፤ የፀሐይ ብርሃን ይሰባብረዋል፤ በደለልና በድንጋይ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያንም ይበሉታል። ይሁን እንጂ ቅዝቃዜ ሥራቸውን ያዘገየዋል፤ የክረምት ድፍርስ ውኃም ብርሃኑን ይጋርዳል። ፀረ አረም በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨውና ጎርፍ የሚበረታው ደግሞ በዚሁ ወራት ነው።

ማላቲዮንን እንመልከት። 25 ዲግሪ በሚሞቅ፣ ኮምጣጣነት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ በውኃው ኃይል ብቻ ግማሹ እስኪፈርስ 6 ቀን ያህል ይወስዳል። በሴኮንድ ግማሽ ሜትር የሚጓዝ ወንዝ ግን በአንድ ቀን 43 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚያ አንድ ቀን የሚፈርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከታች ያለችው እናት እንስራዋን የምትሞላው ወንዙ ሥራውን ሳይፈጽም ነው።

ዲዲቲን የመሰሉት ደግሞ በደለል ተጣብቀው ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ፤ በዓሣ ስብም ይከማቻሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት አጠቃቀሙን የገደበው ስለዚህ ነው።

ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደርም አበው ግዮን ወደሚሉት ወደ ዓባይ ይወርዳል። በእኛ ደጅ የታጠበ መርዝ የሌላው አጥቢያ መጠጥ፣ የጥምቀቱም ውኃ ይሆናል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ማስታወቂያ የሚከተለውን ያሳስቡ፦

• የመርጫ መሣሪያ በወንዝም በምንጭም አይታጠብ፤ እጣቢው በተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ።
• ዝናብ ሲያንዣብብ አይረጭ፤ በወንዝ ዳር ያለ ሣርና ቁጥቋጦ አይመንጠር።
• የኬሚካል ጀሪካን ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ አይዋል፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይበሳ።
• የጸበልና የመጠጥ ምንጮች ከማሳ ጎርፍ በቦይ ይከለሉ።

ወንዙ የተሰጠውን ሥራ ይሠራል፤ ጊዜ መስጠት ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።