የካምባን መስቀል ከባሕር ማዶ ለማየት፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

«ድምፅሽ ይሰማል፣ ምስልሽ ግን ቆሟል።» መስቀል ሲደርስ አገር ቤት፣ ካምባ የሚደውል ሁሉ ይህን ሰምቶ ያውቃል። ወዲያው የቤተሰቡን ስልክ እንጠረጥርና የተሻለ ለመላክ እንነሳለን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ግን የኔትወርኩ ነው።

ኔትወርክ ሁለት አቅጣጫ አለው። ወደ ስልኩ የሚገባው ዳውንሎድ፣ ከስልኩ የሚወጣው አፕሎድ ይባላል። አገር ቤት ያለው ልጅ የዮ ማስቃላን፣ የመስቀሉን በዓል፣ ጭፈራ በቀጥታ ሲያሳያችሁ የሚሠራው አፕሎዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዳውንሎዱ ያንሳል። «ኔትወርኩ ፈጣን ነው» ቢሏችሁ የፍጥነት መለኪያ አስከፍታችሁ የአፕሎዱን ቁጥር ጠይቁ።

ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት፣ ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሴኮንድ 1.5 ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 675 ሜጋ ባይት ይበላል። ሦስት ሰዓት ከተጨፈረ 2 ጊጋ አለቀ ማለት ነው። ካርዱን የሚሞላው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ቪዲዮው በሴኮንድ የሚወስደው መጠን ቢትሬት ይባላል። ሪዞሉሽን ደግሞ የምስሉ ነጥቦች ብዛት ነው፦ 720 የሚባለው 1280 በ720፣ 1080 የሚባለው 1920 በ1080። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ለሪዞሉሽን ነው፤ እኔ ግን ቢትሬት ያነሰው 1080 በቂ ቢትሬት ካለው 480 የባሰ ይመስለኛል። ቪዲዮን የሚጨምቀው ኮዴክ በዋናነት የሚልከው ከምስል ወደ ምስል የተለወጠውን ነው። አባት ግድግዳ ተደግፈው ሲያወሩ የሚንቀሳቀሰው ፊታቸው ብቻ ነውና ጥቂት ይበቃል። መቶ ሰው ጋቢ ለብሶ ሲዘል ግን ሁሉም ነጥብ ይለወጣል፤ ምስሉም አራት ማዕዘን እየሆነ ይበታተናል። ስለዚህ ለጭፈራው ሪዞሉሽኑን ዝቅ አስደርጉ፣ ስልኩንም ቦታ አስይዙት።

ኤች 265 የሚባለው ኮዴክ ከቀድሞው ኤች 264 በግማሽ ያህል ያነሰ ዳታ ይፈልጋል። የቆየ ቴሌቪዥን ግን አይከፍተውም፤ ፍላሹ ላይ ፋይሉ እያለ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ለወላጆች በፍላሽ የምትልኩትን በኤች 264 አድርጉት።

ባፈር ቪዲዮው እንዳይቆራረጥ አስቀድሞ የሚጠራቀም ጥቂት ሴኮንድ ነው። «ቀጥታ» የሚባለው ስርጭት የሚዘገየው በከፊል በእሱ ምክንያት ነው። በሌላ ስልክ እየደወላችሁ አትመልከቱ፤ እልልታው ከምስሉ ቀድሞ ይደርሳችኋል።

አገር ቤት ቴሌቪዥን ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዲሹን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ አዙሮ ኢትዮሳት የተባለውን የሳተላይት ስርጭት መቀበል ይቻላል፣ ወርኃዊ ክፍያም የለውም። አሜሪካ ያላችሁ ግን ዲሽ አትግዙ፤ ያ ሳተላይት ከዚያ ሲታይ ከአድማስ በታች ነው። ለእናንተ ያለው መንገድ ኢንተርኔት ነው።

ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ጭኖ መሄድም አይመከርም። እዚያ መብራቱ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ አገር ቤት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከጀርባው «100-240» ካልተጻፈበት ያለ ትራንስፎርመር አይሰካ። መብራቱን ቢችለው እንኳ የአየር ሞገድ መቀበያው የተሠራው ለአሜሪካ ስርጭት ነው። አዲስ አበባ ወይም አርባ ምንጭ መግዛቱ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ካምባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በመስከረም ዋሽንግተን ገና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። በቀጥታ ለማየት ከመታገል ልጁ ቀርጾ ኔትወርኩ ሲቀል ይላክላችሁ። ለአዲስ ስልክ ያሰባችሁትን ገንዘብም ለፓኬጅና ድምፁን ለሚያጠራ አንድ ጥሩ ማይክሮፎን አውሉት።