የመሬት መንቀጥቀጥ ቀኑ ይታወቃል ወይ?

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል መሬት ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬ ይበዛል። «ትልቁ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። ታዲያ ቀኑን ከየት አገኘው? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ መሬት ለምን ትንቀጠቀጣለች? በስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኝ ያለው ምድር ቀስ እያለ ይራራቃል። በዓመት የአንድ የስንዴ ፍሬ ርዝመት ቢሆን ነው። ትንሽ ነው አትበሉ። በመቶ ዓመት አንድ ክንድ ይሞላል። ከሥር ያለው አለት ይህን ሁሉ ይሸከማል። መሸከም ሲያቅተው በድንገት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ምድር ትናወጣለች።

ስታርሱ ማረሻው ሥር ይይዛል። ሞፈሩ ይጎብጣል፣ ይንቋቋል። ያረጀ ሞፈር እንደሚሰበር ታውቃላችሁ። በየትኛው ትልም እንደሚሰበር ግን ማን ይናገራል? የሳይንስ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። አደጋው የት እንደሚበዛ ያውቃሉ። ቀኑንና ሰዓቱን አያውቁም።

አልሞከሩም ማለት አይደለም። በቻይና ሃይቼንግ በምትባል ከተማ በጥር 1967 ዓ.ም. ትንንሽ መንቀጥቀጥ በዛ። ሕዝቡ ከቤት እንዲወጣ ተደረገ፤ ትልቁ ሲመጣ ብዙ ሰው ዳነ። ዓለም «ተገኘ!» አለ። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ግን በዚያው አገር ታንግሻን ያለ ማስጠንቀቂያ ፈረሰች። ከ240 ሺህ በላይ ሕዝብ አለቀ። ትንንሹ ሁልጊዜ ትልቁን አይጠራም፤ ትልቁም ሁልጊዜ መልእክተኛ አይልክም። ውሻ ጮኸ፣ እባብ ወጣ የሚባለውንም መርምረዋል። ምን ያደርጋል፣ ውሻ እንደሆነ በየሌሊቱ ይጮኻል!

ጃፓኖች ሌላ ዘዴ አላቸው። መብረቅ መጀመሪያ ይታያል፤ ነጎድጓዱ በኋላ ይሰማል። መንቀጥቀጥም ፈጣን ግን ደካማ፣ ዘገምተኛ ግን ብርቱ ሞገድ አለው። መሣሪያ ፈጣኑን ይይዝና ብርቱው ሳይደርስ ለሕዝብ ይናገራል። የሚገኘው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ይህ ትንቢት አይደለም፤ መንቀጥቀጡ አስቀድሞ ጀምሯልና።

በአገራችን አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ የካናዳ ቄስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመንቀጥቀጥ መመልከቻ ጣቢያ አቋቁመው ነበር። የጥንት ጽሑፎችን እየፈለጉ መሬት መቼና የት እንደተናወጠች መዘገቡ። የኋላውን ያላወቀ የወደፊቱን አይገምትምና። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬ የሚያልፈው የደሴ መንገድ ተሰነጠቀ። እኛስ? ጎንደር ከስምጥ ሸለቆ ርቃለች። ሆኖም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1704 የአፄ ኢያሱ ግንብ በመንቀጥቀጥ ተጎድቷል።

ቀኑ ባይታወቅም ቤቱ ይታወቃል። ሰውን አብዝቶ የሚገድለው የሚወድቅ ግድግዳና ጣሪያ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ቶሎ ይናዳል። ማዕዘኑን በእንጨት ማሰር ይረዳል። ከባድ ዕቃ ከመኝታ በላይ አትስቀሉ። መሬት ስትናወጥ ለበሩ የቀረበ ወደ ሜዳ ይውጣ፤ ያልደረሰ ራሱን ይሸፍን።

የመወያያ ጥያቄ፦
በቤታችሁ ቀድሞ የሚወድቀው የትኛው ግድግዳ ነው? ከሥሩስ ማን ይተኛል?