ጋብቻ ድሮና ዘንድሮ፦ ሽማግሌ ያልጠየቀው ጥያቄ

«በእኛ ጊዜ እኮ እንዲህ አልነበረም!» የሚለውን የወላጆች ንግግር ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ልጆችም «የእናንተ ጊዜ ፋራ ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያልቃል። ለመሆኑ የተለወጠው ምንድን ነው?

በቅድመ አያቶቻችን ዘመን፣ በተለይም በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠር፣ ጋብቻ የሁለት ቤተሰቦች ጉዳይ ነበር። የልጁ አባት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ወዲያው እሺ አይባሉም፤ ይመላለሳሉ። በዚህ መሃል ብዙ ነገር ይጣራል። ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ በቤተሰቡ የሥጋ ደዌ እንዳለ ይጠየቃል፣ ከብቱና መሬቱ ይታወቃል። ልጅቱን ግን የሚጠይቃት የለም። አንዳንዷ ሙሽራውን የምታየው በሠርጉ ዕለት ነው።

ይህን ያህል የሚያጣራ ባህል አንድ ነገር ሳያጣራ ያልፍ ነበር። የሙሽሪት ክብረ ንጽህና በሠርጉ ሌሊት ይረጋገጣል፤ ለቤተሰብም ይበሰራል። ሙሽራውስ? ከዚያ በፊት ከማን ጋር እንደነበረ ማንም አይጠይቀውም፤ «ወንድ አይደል!» ተብሎ ይታለፋል። ልማዱ እስከ ቅርብ ጊዜ ዘልቋልና ኤች አይ ቪ ሲመጣ ብዙ ዋጋ አስከፈለ። ከባላቸው ሌላ ወንድ የማያውቁ ሚስቶች ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። በልጅነቷ ተድራ፣ ትዳሩ መርሯት ወደ ከተማ የኮበለለችውንም ብዙ ጊዜ የጠበቃት የባሰ ኑሮ ነው። ስለዚህ «ድሮ ሁሉም ጨዋ ነበር» የሚለውን ወሬ በጥንቃቄ ብትሰሙት ይሻላል።

ከዚያ ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ የፍቅር ደብዳቤም በታናሽ እህት እጅ ይላክ ጀመር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉትን ተማሪዎች ወደ ገጠር ሲያዘምት፣ ወንድና ሴት ከወላጅ ዓይን ርቀው አብረው ሠሩ። ሽማግሌ መላክ አልቀረም። ግን ልጆቹ አስቀድመው ተስማምተው ነው የሚላከው። ሽማግሌው አጣሪ መሆኑ ቀረና አብሳሪ ሆነ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተለዩት በ1978 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የምርመራ ውጤት መጠየቅ ጀመሩ። ያ የተዘለለው ጥያቄ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ቀረበ ማለት ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ለወንድ 18 የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገው። (ሕግና ኑሮ ግን እኩል አይራመዱም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።)

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ጓደኝነት በስልክ ይጀመራል፣ በቴሌግራም ይጧጧፋል። የምትደግፈው ቡድን፣ የምትወደው ዘፈን፣ ሁሉም ይጠየቃል። «ተመርምረሃል?» ለማለት ግን አፍ ይያዛል። ብትጠይቅም «አታምኚኝም ማለት ነው?» ይላታል። መልሱ ቀላል ነው፤ «አብረን እንሂድ»። በመንግሥት ጤና ተቋማት ምርመራው በነፃ ነው። «ትምህርቴን እስክጨርስ እቆያለሁ» ማለትም መልስ ነው፤ ፋራነት የለበትም።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል፣ ትናንት ተጋልጦ ዛሬ «ነፃ ነኝ» ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ከደረሰና እዚያው ከቆየ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ ማግባትም ጤነኛ ልጅ መውለድም ይችላል። የሚጠየቀው ሰውን ለማግለል አይደለም።

ለክበባችሁ ውይይት፦ አያታችሁን ወይም በሰፈራችሁ ያሉ አንዲት እናት ጠይቁ። ሽማግሌ የመጣ ቀን ምን ምን ተጣራ? እሳቸውን ማን ጠየቃቸው? የሰማችሁትን ጽፋችሁ አምጡና እናንተ ዛሬ ከምትጠይቁት ጋር አስተያዩት።